ሆቴል ካሊፎርኒያን የሰሩት ሰዎች ናቸው፤ ለሰይጣን አትስጡብን

ሰሞኑን ኢግልስ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ ስለተጫወተው ሆቴል ካሊፎርኒያ ስለሚባለው ዘፈን የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እኔ ጋ የደረሰው በታናሽ እህቴ በኩል ነው፣ ከስሩ "ልጆች ሆነን ጠዋት ማታ ስታሰማን የኖርከው ይሄንን ነው እንዴ?" ብላ ጽፋበታለች። እውነቱን ለመናገር ያስደነገጠኝ ጽሑፉ አይደለም፣ የሷ ማመን ነው። እኔ እኮ ጊታር የተማርኩት በዚህ ዘፈን ነው። አዲስ አበባ ያስተማረኝ ሰውዬ፣ ጋሼ ነበር ምንለው፣ ባትሪው እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ያችን መግቢያ መቶ ጊዜ አስደግሞኛል፣ በኋላም ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር በተጫወትኩባቸው ዓመታት ማታ ማታ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከሚመጣልን ጥያቄ መሃል ይሄ ዘፈን ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አንደኛ ዘፈኑ ለሰይጣን ቸርች የተጻፈ መዝሙር ነው፣ ግጥሙ ውስጥ ያለው 1969 የሚለው ቁጥር ቸርቹ አንድ ሆቴል ገዝቶ የገባበት ዓመት ነው። ሁለተኛ ሆቴሉ ሜክሲኮ ውስጥ እስካሁን ያለ እውነተኛ ሆቴል ነው። ሶስተኛ ዜማው ጀትሮ ተል ከሚባል የእንግሊዝ ባንድ የተሰረቀ ነው። አራተኛ ልጆቹ ሃሺሽ አጭሰው በአንድ ሌሊት የጨረሱት ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት የቆየው ኩባንያና ሬዲዮ በግድ ስለጋቱን ነው፣ እኛም የፈረንጅ ስለሆነ ብቻ ተቀበልነው ይላል።

በተራ ብሄድ ጥሩ ነበር ግን በጣም ያቃጠለኝ አራተኛው ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ወንድሜ፣ "በአንድ ሌሊት" ብለህ ስትጽፍ ማንን ጠይቀህ ነው? ሙዚቃውን መጀመሪያ ያመጣው ዶን ፌልደር ነው፣ የባንዱ ጊታሪስት። ራሱ ደጋግሞ እንደሚያወራው ማሊቡ ባህር ዳር ተከራይቶት በነበረው ቤት ቁጭ ብሎ ባለ 12 ክር ጊታሩን እየነካካ እያለ ነው የኮርዱ አካሄድ የመጣለት፣ እንዳይጠፋበት ሮጦ ሄዶ ትርፍ መኝታ ቤት ውስጥ ባስቀመጣት ባለ 4 ትራክ መቅረጫ ላይ ቀዳት፣ ከስሯ በድራም ማሽን የቻቻ ምት አስገባ፣ ቤዙን ራሱ ተጫወተ፣ ሁለቱንም ሊድ ጊታር ራሱ ተጫወተ። ከዛ ይቺን ከሌሎች ከደርዘን በላይ ቁርጥራጭ ሃሳቦች ጋር በካሴት ገልብጦ ለባንዱ አባላት አደለ፣ ድምጻዊውና ድራመሩ ዶን ሄንሊ ሰምቶ ይቺን መረጠ። ስም እንኳን ስላልነበራት "ሜክሲካን ሬጌ" እያሉ ነበር የሚጠሯት። ግጥሙ ላይ ሄንሊና ሌላው የባንዱ አባል ግሌን ፍሬይ ተቀመጡ። ምን ያህል እንደተቀመጡ ማወቅ ከፈለግክ በ2024 ኒውዮርክ ፍርድ ቤት የታየውን ክስ ተመልከት፣ የክርክሩ ዋና ነገር የዚህ አልበም ግጥሞች በእጅ የተጻፉበት ወደ 100 ገጽ የሚጠጋ ረቂቅ ነበር። ክሱ መጋቢት ላይ ተቋረጠ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔን የገረመኝ ገጹ ነው። ተሰርዞ ተደልዞ፣ ቃል ተቀይሮ፣ እንደገና ተጽፎ። አንድ ሌሊት ላይ ይሄ ሁሉ ወረቀት ከየት መጣ?

ቀረጻው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፌልደር መጀመሪያ የቀዳት በኢ ማይነር ነበር፣ ያ ለሄንሊ ድምጽ አልሆነም፣ ብዙ ሞክረው ቢ ማይነር ላይ ሲደርሱ ነው ድምጹ የተመቸው። ለጊታር ግን ቢ ማይነር እንደዛ ለሚንጠባጠብ መግቢያ ምቹ ኪይ አይደለም፣ ስለዚ ካፖውን፣ የጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን ጨምቆ የሚይዘውን መቆንጠጫ፣ 7ኛው ፍሬት ላይ አሰሩት። ያ እንደ ክራር ቀጠን ብሎ ሚያብረቀርቀው ድምጽ የመጣው ከዚህ ነው፣ ማለትም የአንድ ሰው ጉሮሮ እስከየት እንደሚደርስ ተጠንቶ የተገኘ ድምጽ ነው። የተቀረጸው ሎሳንጀለስ ሬኮርድ ፕላንት እና ማያሚ ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ነው፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀድተው ሳይወዱት ቀርተው እንደገና ገብተውበታል። ፕሮዲውሰሩ ቢል ሺምዚክ እንደተናገረው መሰረቱ የተሰራው ከበርካታ ቅጂዎች ምርጥ ምርጡ ቦታ ተወስዶ ነው፣ ባለ ሁለት ኢንቹ ቴፕ ላይ 33 ቦታ ተቆርጦ ተጣብቋል። ይሄ ኮምፒውተር ላይ መቁረጥ አይደለም፣ በምላጭ ነው፣ ቴፑን በእጅህ ይዘህ ነው ምትቆርጠው፣ ከተሳሳትክ ሌላ ቅጂ የለም።

ሶሎው ላይ የሆነውን ልንገርህ ደግሞ። ማያሚ ላይ ፌልደርና ሌላኛው የባንዱ ጊታሪስት ጆ ዋልሽ ሶሎውን ሊቀዱ ተቀምጠው ፌልደር እንደመጣለት መጫወት ሲጀምር ሄንሊ አስቆመው፣ "እንደሱ አይደለም፣ ካሴቱ ላይ እንዳለው ነው ምትጫወተው" አለው። ካሴቱ ደግሞ ያለው ማሊቡ ቤቱ ነው፣ አገሩ ሌላኛው ጫፍ። ፌልደር ምን አደረገ፣ ቤት ደውሎ የምትሰራለትን ሴትዮ ካሴቱን አስፈልጎ፣ ቴፑ ውስጥ አስከፍቶ፣ የስልኩን እጀታ ስፒከሩ ጋ አስይዟት፣ ከማያሚ በስልክ እየሰማ ቀድቶ የራሱን ሶሎ መልሶ አጠና። አስበው እስቲ፣ ሰውዬው ከዓመት በፊት ብቻውን የተጫወተውን ነገር ኖታ በኖታ መልሶ ሲያጠና። ከዛ እሱ በሌስ ፖል ጊታር፣ ዋልሽ በቴሌካስተር ጊታር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ደቂቃ ከምናምን የሚሆነውን ነገር ገነቡት። ሃሺሽ አጭሰው ነበር ወይ? ባንዱ ያኔ ብዙ ነገር ይጠቀም እንደነበር ራሳቸው አልካዱም፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ መግቢያው ላይ ያለችው ኮሊታስ የምትለው የስፓኒሽ ቃልም ወደ ሃሺሽ አበባ ነው ምትጠቁመው። ግን ጭስ 33 ቦታ ቴፕ አይቀጥልም።

አሁን ወደ ሰይጣኑ እንምጣ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

የሰይጣን ቸርች የሚባለውን ድርጅት አንቶን ላቬይ የሚባል ሰው ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አቋቁሞታል፣ ይሄ እውነት ነው። ያቋቋመው ግን በ1966 ነው፣ 1969 አይደለም። ሆቴልም አልገዛም፣ የራሱ መኖሪያ ቤት ነው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቤት። ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፣ ቤቱ የነበረበት መንገድ ስሙ ካሊፎርኒያ ስትሪት ነው፣ አንዱ ካሊፎርኒያን ከካሊፎርኒያ ጋር አገናኘና ወሬው እግር አወጣ። የአልበሙ የውስጥ ፎቶ ላይ በረንዳው ላይ የቆመው ጥላ ላቬይ ነው የሚለውም ለሰላሳ አርባ ዓመት ሲወራ የኖረ ነው፣ ፎቶው ሆቴል ውስጥ ሰው ተሰብስቦ የተነሳ ነው፣ በረንዳው ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሰይጣን አምላኪ ከሆነ እኛ ሰርግ ላይ የተነሳነው ፎቶም አያልፍልንም።

ከሽፋኑ ፊት ለፊት የምታዩት ዘንባባ ያለበት ህንጻ ደግሞ ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው፣ እንግዳ እየተቀበለ ያለ የሀብታም ሆቴል፣ ጸሐፊው ይሄንን ሳይጠቅስ ማለፉ ገርሞኛል።

1969ስ? እዚህ ጋ ነው ጽሑፉ ትልቁን ነገር የሳተው። ተጓዡ አስተናጋጁን ወይን ሲጠይቀው አስተናጋጁ ያ "ስፒሪት" ከ1969 ጀምሮ እዚህ የለንም ነው የሚለው። እንግሊዝኛው ላይ ስፒሪት አልኮልም ነው መንፈስም ነው። እኛ አገር ለዚህ እኮ ስም አለን፣ ኅብረ ቃል። ሰሙ መጠጥ ነው ወርቁ መንፈስ ነው። አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ በ2009 ሄንሊን ወይን እኮ ተጠምቆ እንጂ ተጣርቶ ስለማይወጣ ስፒሪት አይባልም፣ አልተሳሳትክም ወይ ብሎ ጠይቆት ነበር፣ ሄንሊ ከመጠጥ ጋር ብዙም የሚያገናኘው እንደሌለ፣ የዘመኑን ማህበረሰብና ፖለቲካ የሚመለከት አነጋገር እንደሆነ ነው የመለሰለት። 1969 ለነሱ ምን ዓመት ነው? ነሐሴ ላይ ውድስቶክ ነው፣ በዛው ነሐሴ ሎሳንጀለስ ውስጥ የማንሰን ተከታዮች ሰው ያረዱበት ነው፣ ታህሳስ ላይ ደግሞ እዛው ካሊፎርኒያ አልታሞንት ኮንሰርት መሃል ሰው በጩቤ የተገደለበት ነው። ፍቅርና ሰላም እያሉ የወጡ ወጣቶች ተስፋቸው የተሰበረበት ዓመት ነው። ያ መንፈስ ከዛ በኋላ እዚህ የለም ነው የሚለው። ይሄ የሰይጣን ውዳሴ አይደለም፣ ይሄ ሙሾ ነው።

"አውሬውን መግደል አልቻሉም" የምትለዋን ደግሞ ከዮሐንስ ራዕይ ጋር አገናኝተሃታል። በብረት ቢላ (እንግሊዝኛው "ስቲሊ" ቢላ ነው የሚለው) ይወጉታል የሚለው ግሌን ፍሬይ እንደተናገረው ስቲሊ ዳን ለሚባለው የአሜሪካ ባንድ የተላከ ሰላምታ ነው፣ ስቲሊ ዳን በ1976 ባወጡት አንድ ዘፈን ውስጥ ኢግልስን በስም ጠርተዋቸው ስለነበር በቃል ጨዋታ መልስ ሰጧቸው፣ ማናጀራቸውም አንድ ሰው ነበር። አውሬው እንደኔ አረዳድ ምኞት ነው፣ ገንዘቡ ኮኬይኑ ዝናው፣ ትወጋዋለህ አይሞትም። ሄንሊም ዘፈኑ ስለ አሜሪካ ህልም ጨለማ ጎንና ስለ ልክ ማጣት እንደሆነ በየኢንተርቪው ተናግሯል። ታዲያ ከሰባኪ ጋር ሚያጣላው ነገር ምኑ ጋ ነው? ስግብግብነት ወጥመድ ነው፣ መግባት እንጂ መውጫ የለውም ነው የሚለው፣ ይሄንን በየእሁዱ እንሰማ የለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ውስጥ በዛው 1976 ከነሱ አጠገብ ባለው ክፍል ብላክ ሳባት የሚባሉት የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ አልበም እየቀዱ ነበር፣ ድምጻቸው በግድግዳው እያለፈ የኢግልስን ቀረጻ ሲያስቆማቸው ነበር። ያኔ ሰው ሰይጣን ሰይጣን ሚላቸው እነሱን ነበር።

የሜክሲኮው ሆቴል ላይ ብዙ አልቆይም። ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር፣ ቶዶስ ሳንቶስ የሚባል ከተማ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ሆቴል አለ፣ በ1950 አካባቢ የተከፈተ ነው። ባንዱ ግን ከኛ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ብሎ በ2017 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶታል፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ ተስማምተው ሆቴሉ የንግድ ምልክት ማመልከቻውን ተወ። የዘፈኑ ሆቴል ቢሆን ኖሮ ባለቤቶቹ ለምን ይከሱታል?

ስርቆቱን በተመለከተ እዚህ ጋ ላንተ ትንሽ እውነት አለችህ፣ እሷን አልነፍግህም። ጀትሮ ተል በ1969 ያወጡት አንድ ዘፈን የኮርዱ አካሄድ በጣም ይመሳሰላል፣ ሁለቱን አከታትለህ ብትሰማ ታውቀዋለህ። ኢግልስም በ1972 ከነሱ ጋር አብረው ኮንሰርት ዞረዋል። ግን ኮርዱን ያመጣው ፌልደር ነው አልን፣ ፌልደር ባንዱን የተቀላቀለው በ1974 ነው፣ በዛ ጉዞ ላይ አልነበረም። የጀትሮ ተሉ በሶስት ምት የሚሄድ ነው ይሄኛው በአራት ምት ነው፣ ዜማውም ሌላ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተሰረቀ የተባለው ሰው ራሱ፣ የጀትሮ ተሉ ኢያን አንደርሰን፣ ሌብነት አይደለም ብሏል፣ የኮርድ ቅደም ተከተል የማንም ንብረት አይደለም ነው ሃሳቡ። ባለቤቱ አልተሰረቅኩም እያለ ጎረቤት ሌባ ሌባ ቢል ምን ይባላል። በዚህ ከሄድን እኛ ጋ በትዝታ የዘፈነ ሁሉ ሌባ ነው።

ትዝታ ካልኩ አይቀር መጨረሻ ያልከው ላይ ልምጣ፣ ኩባንያና ሬዲዮ ነው ያቆየው፣ እኛም ፈረንጅ ስለሆነ ነው የሚለው።

ኩባንያው እኮ ዘፈኑን አሳጥሩት ነበር ያለው! 6 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነው፣ ያኔ የሬዲዮ ዘፈን ሶስት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፣ መግቢያው ብቻ ወደ አንድ ደቂቃ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ድራሙ ይቆማል፣ መጨረሻው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ጊታር ብቻ ነው። ፌልደር ራሱ ይሄ በነጠላ መውጣት የለበትም ብሎ ተከራክሯል፣ ሄንሊ ነው አንዲት ሴኮንድ አልቆርጥም ያለው። አልበሙ በታህሳስ 1976 ወጣ፣ ነጠላው በየካቲት 1977፣ ግንቦት ላይ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ፣ በ1978 ደግሞ በግራሚ የዓመቱ ምርጥ ሪከርድ ተባለ። ፌልደር በመሳሳቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ይላል። ሬዲዮ የሚፈልገውን ሕግ ሁሉ የጣሰ ዘፈን ነው፣ በግድ ሊጋት ቢታሰብማ ሌላ አጭር ዘፈን አልነበራቸውም እንዴ።

ደግሞ ሬዲዮ ቢበዛ አስር ዓመት ያቆይ ይሆናል። ይሄ ባንድ በ1980 ተበትኗል፣ በ1994 ሲመለሱ ያችኑ ዘፈን በናይለን ክር ጊታር አዲስ መግቢያ ሰርተውላት ተጫወቱ፣ እኛ አገር ብዙ ሰው ሚያውቃት ያችን ነው፣ ሰዉ የትኛዋ ዘፈን እንደሆነች እስኪገባው ቆይቶ ሲያጨበጭብ የሚሰማባት። ጂፕሲ ኪንግስ በስፓኒሽ ዘፍነውታል። አልበሙ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 26 ጊዜ ፕላቲነም ተብሏል፣ ስትሪሚንግ ላይ ዘፈኑ ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተሰምቷል። ያን የሚሰማው በ1977 የነበረ ሰው ብቻ ነው ማለት አትችልም።

ለምን ቆየ ብትለኝ እንደ ጊታር ተጫዋች አንድ ነገር ነው ምነግርህ። ኮርዶቹ ስምንት ናቸው፣ ቢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ መጨረሻ ላይ ኤፍ ሻርፕ። ኤፍ ሻርፕ ላይ ስትደርስ እጅህ ዝም ብሎ ወደ ቢ ማይነር ይመለሳል፣ ጆሮህም ይጠብቀዋል፣ እዛ ላይ ማቆም አትችልም፣ በር ከፍተህ ስትወጣ ተመልሰህ እዛው ሳሎን እንደምትገባው ነው። ግጥሙ ሂሳብህን ዘግተህ መሄድ ትችላለህ ግን አትወጣም ሲል ኮርዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንኑ ሲያደርግ ነበር። ስቱዲዮ የተቀዳው ደግሞ አያልቅም፣ ሁለቱ ጊታሮች እየተጫወቱ ድምጹ እየቀነሰ ይጠፋል እንጂ ማብቂያ የለውም። ሆቴል ስንጫወት ትልቁ ችግራችን ይሄ ነበር፣ የት ጋ እንጨርስ።

እኛ ጋ የገባው ፈረንጅ ስለሆነ ነው ላልከው ደግሞ፣ ያኔ የፈረንጅ ዘፈን መዓት ነበር፣ አብዛኛውን ማን ያስታውሰዋል? የትዝታ ማይነር አምስቱ ድምጾች በሙሉ ቢ ማይነር ስኬል ውስጥ አሉ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ራስህ ጊታር ላይ ፈትሸው። እኔ ጆሯችን ቤቱን ያወቀው በዚህ ይመስለኛል። ግጥሙንም ቢሆን እንግሊዝኛ ሳንችል ነው ያለቀስንበት። በኋላ ስንረዳው ደግሞ ማታ በጨለማ መንገድ ነድቶ ሩቅ መብራት አይቶ የሚገባ ሰው ነው፣ ጽፈው ያቀረቡትም ሰዎች ሎሳንጀለስ አልተወለዱም፣ ሄንሊ ከቴክሳስ፣ ፍሬይ ከዲትሮይት አካባቢ፣ ፌልደር ከፍሎሪዳ የመጡ ናቸው፣ የከተማ መብራት አጓጉቷቸው የገቡ። ከገጠር አዲስ አበባ የገባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ዲሲ ወይ ዱባይ የገባ ሰው ይሄን ታሪክ ማን እንዲያስረዳው ይፈልጋል?

ጸሐፊው ያልጻፈውን አንድ ነቀፌታ እኔ ልጨምርለት፣ ለፍትህ ሲባል። ስለ ስግብግብነት የዘፈኑት ሰዎች በገንዘብ ተጣልተዋል፣ ዜማውን ያመጣውን ፌልደርን በ2001 አባረውት ፍርድ ቤት ተካሰው በ2007 ነው በስምምነት የጨረሱት። ይሄ ያሳዝነኛል። ባወራሁት ቁጥር ያሳዝነኛል። ግን ይሄም ቢሆን የሰው ስራ ነው።

እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው ወንድሜ። ዘፈኑን አትውደደው፣ መብትህ ነው። ግን ካፖ 7ኛ ፍሬት ላይ ያሰረውን፣ ቴፕ በምላጭ የቆረጠውን፣ በስልክ የራሱን ሶሎ ያጠናውን ሰው ስራ ወስደህ ለሰይጣን ስትሰጠው የሰዎቹን ላብ ቀማሃቸው።

ለእህቴ ይሄን ሁሉ አልጻፍኩላትም። የ1976ቱን ቅጂ ላኩላትና "በኢርፎን ስሚው፣ 4 ደቂቃ ከ20 አካባቢ ፌልደር ይገባል፣ ቀጥሎ ዋልሽ፣ ከዛ እየተቀባበሉ ይሄዱና መጨረሻ ላይ አብረው ይጫወታሉ፣ ድምጹ እስኪጠፋ እንዳታጠፊው" አልኳት። ማታ መለሰችልኝ፦ "ሁለት ናቸው እንዴ? እስከዛሬ እኮ አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር።"